እርሾ ያላዳነው ዓይኔ

ይህ የደረሰብኝ የሱዳን አብዮት በተቀጣጠለበት ሰሞን ነው። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር።

ሰልፍ በወጣ ቁጥር ፖሊስ ቡምባን ይተኩሳል። አስለቃሽ ጭሱን እንዲያ ነው የሚሉት። የሰፈሩ ሰው የዳቦ እርሾ በውሃ በጥብጦ በር ላይ በባልዲ ያስቀምጣል፤ ጭስ ያገኘው ሁሉ ጨርቅ እየነከረ ፊቱን ይጠርግበታል። የእኛን ቤት ባልዲ የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ሲመሽ ላቡም ንፍጡም አቧራውም ሰፍፎበት ይገማል፤ የምደፋውም እኔው ነኝ። ይሁን፣ የሰልፈኞቹ ነገር አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቀን ግራ ዓይኔ ቀላ። አሠሪዬ ማዳም "ቡምባን ነው" ብላ ከዚያው ባልዲ ጨርቅ ነክራ ጨመቀችብኝ። ኧረ በነቢ! ያንን ግማታም ውሃ ዓይኔ ውስጥ! የሌላው ሰው ዓይን ቶሎ ሲሻለው የእኔ ባሰበት። ብርሃን ማየት አቃተኝ፤ ውስጡን ይጠዘጥዘኛል፤ ሁሉም ነገር ጉም መሰለኝ።

ያኔ ማዳም "ይተላለፋል" ማለት ጀመረች። ብርጭቆዬን ለይታ መጸዳጃ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ሐኪም ቤት ልሂድ ብላት፣ "መንገዱ ዝግ ነው፤ ደግሞስ ማን ሊሠራ ነው?" አለችኝ። ራሷ ግን ከሰዓት በኋላ ባንዲራ ለብሳ "ነፃነት! ሰላም! ፍትሕ!" እያለች ትወጣለች። ወላሂ፣ የምን ፍትሕ!

የደረሰችልኝ ሳጃና የሚባል ሰፈር ሻይ የምትሸጠው የወሎ ልጅ ዘይነብ ናት። ልትጠይቀኝ መጥታ ዓይኔን ስታየው ጮኸች።

"አንቺ! ዕውር ልትሆኚ ነው እንዴ? ያላ፣ ተነሽ! ሥራው ገደል ይግባ!"

ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ ጠርታ አሳፈረችኝና ካርቱም ሁለት ሰፈር፣ አንድ የዓይን ሐኪም ጋ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ዓይኔን በመሣሪያ አይቶ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። "ጠዋት ስትነሺ ወገብሽ አልታጠፍ ይልሻል?"

አዎ! ማዳም ስንፍና የምትለው እሱን ነበር። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የተቆጣው የዓይኔ ውስጠኛ ክፍል ነው። ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የሰውነቴ ኃይል ተሳስቶ የራሴን ወገብና ዓይን እያጠቃ ነው። ቡምባን አላመጣውም፣ እርሾ አያድነውም፣ ወደ ማንም አይተላለፍም። ቁጣውን የሚያበርድና ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ አዘዘልኝ። የብሌኔ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። "ቶሎ ብትመጪ ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር" አለኝ።

ዓይኔ ከመጥፋት ተረፈ፤ ብዥታው ግን አልለቀቀኝም።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማዳም በሽታው እንደማይተላለፍ ስትሰማ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትጠራኛለች። "እዩአት፣ የእኛም ቤት ለአብዮቱ ዓይን ከፍሏል!" ሴቶቹ እየተነሡ ይስሙኛል። አንድ ቀን አልቻልኩም። "ቡምባን አይደለም፣ በሽታ ነው። ዓይኔን ያበላሸው ሐኪም ጋ እንዳልሄድ የከለከለኝ ሰው ነው" አልኩ፣ ጥርት ባለ አረብኛ፣ ሁሉም እየሰማ።

ማዳም ሳቀች። "ምስኪን፣ አረብኛ አትችልም እኮ" አለቻቸው። እነሱም አብረዋት ሳቁ።

ልብሴን ሸክፌ ወጣሁ።

ዛሬ ዓይኔ ቀላ ካለ ሳላሳድር ሐኪም ጋ ነኝ። የዓይኔን ነገር ለአላህ ሰጥቻለሁ። ያንን ሳቃቸውን ግን፣ ባስታወስኩት ቁጥር ምራቄን እተፋለሁ።