ዘጠነኛዋ ኮከብ

የልጅ ልጆቼ ይዘውኛል። «እማማ፣ ስምንት ትልልቅ ኮከብ ከሰፉ በኋላ አንዲት ትንሽ የሚጨምሩት ለምንድን ነው? ከማን ተማሩት?» ይሉኛል። እግሬ እዚህም እዚያም ስለሚለኝ ቁጭ ያልኩ ቀን አይለቁኝም። እንግዲህ ልንገራቸው።

በደርግ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ገና ልጅ ሳለሁ እናቴን ቀብሬ ከሙጃ ወደ ላሊበላ ወረድኩ። አክስቴ ኩልመስክ ነበረች፤ ቤቷ ግን በልጅ ተጨናንቋል። ላሊበላ አንዲት ስፌት ሰፊ ባልቴት ከደጃቸው ተቀምጬ ቢያገኙኝ አስገቡኝ። እትዬ እላቸው ነበር። ጥቂት እንደሰነበትኩ ስንደዶና የተነከረ አክርማ ከፊቴ አስቀምጠው የራሳቸውን ወስፌ ሰጡኝ።

«የመሶብ ክዳን ስፊ። እጅሽ ከያዘ አብረን እንሠራለን። ካልያዘም አክስትሽ ጋ የሚያደርስሽ ሰው እፈልጋለሁ።»

መሄድ አልፈለግሁም። ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለ ኮከብ አይ ነበር፤ ቀኙ ከግራው የማይለይ። እሱን በዓይኔ ቀድቼ መጣሁ። የክዳኑን ዙሪያ በፈትል ለካሁ። ፈትሉን ለሁለት አጠፍኩ፣ ደግሜ ለሁለት፣ ደግሜ ለሁለት፤ ስምንት እኩል ቦታ ወጣልኝ። ከዚያ፣ ይጠንክር ብዬ፣ ነጭ ዙር ጨመርኩና ኮከቡን ጀመርኩ። ዙር በተጨመረ ቁጥር የክዳኑ ዙሪያ እንደሚረዝም የት አስቤው! ስምንተኛው ኮከብ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጋር አልተገናኘም። መሐላቸው ባዶ ቀረ።

ባሏ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ጎረቤታችን ብቅ ብላ አየችው።

«ውይ፣ እነዚህ ሁለቱ ተኮራርፈዋል መሰል! ማን ያስታርቃቸው?» ብላ ሳቀች።

እኔ ዕንባዬ መጣ። «እትዬ፣ ልፍታው?» አልኳቸው።

ክዳኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ለምን ትፈቻለሽ? ስምንቱ ምን አጠፉ? ለእንግዳ ቦታ ተርፏል፤ አንዲት ትንሽ አስገቢበት። ብቻ መሐል ለመሐል ትሁን። አብሽሪ።»

አስገባኋት። ለካ ክዳኑን በእሷ ላይ ለሁለት ቢያጥፉት አራቱ በአራቱ ላይ ልክ ይተኛል! እያዞርኩ ባየው ባየው አልጠግብ አልኩ።

እትዬ ከመቀነታቸው አዲስ ወስፌ ፈትተው አወጡ፤ እጀታው ቀንድ ነው። «የእኔን መልሺ። ያንቺ ይኸውልሽ» አሉኝ። በዚያው ቀረሁ። ልጅ ሆንኳቸው፤ እስኪያርፉም አብሬያቸው ሰፋሁ። ነፍሳቸውን ይማር፣ በዚያ ክፉ ዓመት እንጀራቸውን ለሁለት የቆረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ትንሿን ኮከብ ዛሬም አልተዋትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሸና መኪና ስጠብቅ እየሰፋሁ ነበር። ያቺ ጎረቤታችን፣ አርጅታ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ወስፌዬን ወስዳ አገላብጣ አየችው።

«የባሌ እጅ ነው» አለች። «እትዬ አንቺ በመጣሽ ማግስት እኮ ነው ያዘዙት። ‹ለልጄ ነው፣ እጀታውን አሳጥርልኝ፣ እጇ ትንሽ ነው› ብለው።»