በአምስት ሰው ደም የበቀለው

እጸገነት ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከበሽተኛ የተቀዳ ደም የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ይመጣላታል። በሙቀት ታቆየዋለች። ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ በቀናት ውስጥ ያድጋል፤ ያኔ ምንነቱን ለይታ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለሐኪሞቹ ትነግራለች። ሰው ቶሎ አታምንም። ቂርቆስ ካለው ቤቷ ስትወጣ እንኳ በሩን ከቆለፈች በኋላ ሁለቴ ትገፋዋለች።

ሰኔ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ክፍል የመጡ አራት ጠርሙሶች ተመሳሳይ ባክቴሪያ አበቀሉ። ከአራቱ በሽተኞች ሁለቱ ትኩሳታቸው ጠፍቶ ሊወጡ የተዘጋጁ ነበሩ። በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ የሚዞርበት ሰው እንዲህ ደህና ይሆናል? እጸገነት ነገሩ አላማራትም። ባክቴሪያው የገባው ደሙ ሲቀዳ ነው ብላ ጠረጠረች። የቀጂዎቹን ስም አየች። አራቱንም የቀዳችው አዲሷ ነርስ ደሊና ናት፤ ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ጀማነሽ ዘንድ ወጣች።

«ሲስተር፣ አራቱንም የቀዳችው ደሊና ናት።»

«እጇን አትታጠብም እያልሽኝ ነው?»

«እኔ እንኳ… ማለቴ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ወሬው ኮሪደሩን አዳረሰው። ደሊና ደም እንዳትቀዳ ታዘዘች፤ አንሶላ ስትቀይር ዋለች። ሐኪሙ ግን ለአራቱም የጀመረውን መድኃኒት በጥርጣሬ ብቻ አላቋርጥም አለ። ከአራቱ አንዷ፣ ምንዳዬ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት፣ በመድኃኒቱ ብርታት ኩላሊታቸው መድከም ጀመረ።

ሐሙስ አምስተኛው ጠርሙስ አበቀለ። ያው ባክቴሪያ ነው። እጸገነት የቀጂዋን ስም አነበበች፤ ራሳቸው ሲስተር ጀማነሽ ናቸው።

ወዲያው ወደ ክፍሉ ወጥታ ደም ሲቀዳ ቆማ አየች። ጓንቱ አዲስ፣ መርፌው አዲስ ነው። ቆዳውን የሚጠርጉት ግን ጋሪው ላይ ካለ የብረት ጣሳ በሚያወጡት እርጥብ ጥጥ ነው። ጥጡ የተነከረው በውሃ በተበረዘ ማጽጃ ውስጥ ነው።

«ይሄ መቼ ተቀየረ?»

«በየቀኑ እንሞላዋለን» አሉ ሲስተር ጀማነሽ።

«መሙላቱንስ እሺ። ተደፍቶ፣ ታጥቦ ያውቃል?»

ሲስተር ጀማነሽ ጣሳውን አንስተው ውስጡን አዩት።

እጸገነት ጥጡን ጨምቃ ፈሳሹን እንደ ደሙ ጠርሙስ ውስጥ በሙቀት አቆየችው። በሁለተኛው ቀን ያው ባክቴሪያ ወጣ፤ የተበረዘው ማጽጃ አልገደለውም ነበር። በበሽተኞቹ ደም ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ባክቴሪያው ከጥጡ ወደ ቆዳ፣ ከቆዳው በመርፌው ወደ ጠርሙሱ ሲገባ ነው የከረመው። ጣሳው ተጣለ፤ አንድ በአንድ የታሸገ የአልኮል ጥጥ መጣ። የወይዘሮ ምንዳዬም መድኃኒት ቆመ፤ ኩላሊታቸው በሳምንት ውስጥ አገገመ።

እጸገነት ደሊናን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አገኘቻት።

«ስምሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ደሊና፣ ጫማዋን እያሰረች። «ለጥጡ ሁለት ቀን ጠበቅሽለት። እኔን ግን አንዴ እንኳ አልጠየቅሽኝም።»



ደሊና ደም መቅዳቱን ቀጠለች። ጠርሙሶቹን ይዛ ላብራቶሪ ስትመጣ ግን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ ፈርማ ትሄዳለች። እጸገነት «እንዴት ዋልሽ?» ትላታለች። አንዳንድ ቀን ትመልስላታለች።