የግራዋው አረፋ

መርሳ ከተማ ከተከራየሁት ቤት ፖሊሶች ሲወስዱኝ፣ ከመጻሕፍቴ ጋር ሦስት ላስቲክ የግራዋ ቅጠል ዱቄትም አብረው ጫኑ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ቅጠሉ ውስጥ ምን ምን እንዳለና ለስኳር በሽታ ይረዳ እንደሆነ ነበር። የተያዝኩት በጻፍኩት ጽሑፍ ነው። መርማሪውን የከነከነው ግን ዱቄቱ ነበር።

«ይሄ የሚፈነዳ ነገር ነው?» አለኝ፣ ወልድያ እንደደረስን።

ቆንጥሬ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩና ናጥኩት። አረፋው እስከ አንገቱ ሞላ። መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ነገር ሳፖኒን ይባላል» አልኩ። «ከዚህ በላይ አይፈነዳም።»

የታሰርንበት ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ግድግዳው አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ከጎኔ የሚተኙት የሐራ ገበሬ ሽማግሌ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ ኪኒናቸው ሲገቡ በር ላይ ተወስዶ ቀርቷል። ውሃ አይጠግቡም። ጠዋት ጠዋት የሽንት ጣሳቸውን ስኳሩ የሳበው ጉንዳን ይወረዋል፤ ጉንዳኑም ቀን በቀን እየበዛ ሄደ። እኔ የማልረባ፣ የሰው መከራ መሆኑን ረስቼ መቁጠር ያዝኩ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ስቆጥር አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ቅጠልህ ለኔስ አይሆንም ወይ?»

አፈርኩ። «አላውቅም አባቴ። ሰው ላይ አልሞከርኩትም። ለእርስዎ የሚሆነው ኪኒናው ነው።»

«አብሽር፣ አላህ ያውቃል» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ከሰነበቱ እንደማይተርፉ ገባኝ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ላስቲኮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ አንዱ ተፈትቷል።

«እናቴ ስኳር አለባት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያድናታል በለኝ፣ ያንተንም ጉዳይ እናየዋለን።»

ሁለቱ ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ያድናል ማለት ምን ይከብዳል? ግማሹ የመርሳ ሰው ይለው የለ!

«አላውቅም» አልኩ። «እኔ ያየሁት ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነው። አረፋ መድኃኒት አይደለም። እናትዎ ኪኒናቸውን እንዳያቋርጡ። እኔ ጋ ያሉት አባትም ኪኒና አላቸው፤ በር ላይ ተይዞባቸው ነው። አላምንም ካሉ መጥተው ጉንዳኑን ይዩት።»

ላስቲኩን መልሶ ቋጠረው። «ሂድ መምህር» አለኝ። እስከዚያ ቀን መምህር ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ ኪኒናውን አመጣ። ሽማግሌው ፍሬዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው ጥቂት አዩዋትና ቢስሚላህ ብለው ዋጡ። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ጣሳቸውን በጣታቸው እያሳዩ ጠሩኝ።

«ና ቁጠር እንጂ! ዛሬ ምነው ሰነፍክ?»

አንድም ጉንዳን አልነበረም።

የእኔን ጉዳይ ግን ማንም አላየውም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ታስሬ ቆየሁ። ዛሬ ጥናቱን እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ አረፋው ሲነሳ አሁንም እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቼ «ግራዋ ስኳር ያድናል?» ሲሉኝ «አላውቅም» እላቸዋለሁ። ሁለት ወር የታሰርኩባት ቃል ናት፤ አፌን ሞልቼ ነው የምላት።