የሰማዩ ብረት በአባቴ እሳት

ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፌን አለመሰብሰቤ። ጂንካ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባቴ ደግሞ ገዘር ከተማ አጠገብ ዕድሜውን ሙሉ ብረት የቀጠቀጠ ሰው ነው፤ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ በለው ሌላ፣ ያገኘውን ሁሉ እሳት ውስጥ ከትቶ መቆፈሪያ ወይ ቢላ ያደርገዋል።

አንድ እሁድ ከቸርች መልስ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየሁት። ትንንሽ ሳተላይቶች፣ ማንም ሳይነዳቸው በራሳቸው፣ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፈውን የሮኬት ስብርባሪ እያሳደዱ ይዘው ወደ ታች ይጎትታሉ።

«ታዲያ የት ይጥሉታል?» አለኝ።

«የትም። አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፤ መሬት አይደርስም» አልኩት፣ አስተማሪ አይደለሁ!

«ይሄን ሁሉ ብረት? ወይ ብክነት! ለኛ ቢጥሉልን ምን ነበረበት?» ተሳሳቅን።

ወር ሳይሞላ ታናሽ እህቴ ደወለች። ጎረቤታችን እንሰቱ መሃል ድቡልቡል ብረት ወድቆ አግኝቷል፤ ሐብሐብ የሚያክል፣ ባንድ በኩል የጠቆረ። ለአባቴ አምጥቶለታል።

«በመዶሻ ቢለው ቢለው እንቢ አለው። አሁን ሊያግለው ከሰል እያቀጣጠለ ነው።»

እንዲህ ያለው ነገር ሳይቃጠል የተረፈ የሮኬት ጋዝ መያዣ ሊሆን ይችላል። ውስጡ የታፈነ ጋዝ ካለ እሳት ላይ ይፈነዳል። «ከልክዪው!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ተቋርጧል።

ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። የሚኒባሱ ሾፌር አንድ ሰው ካልሞላ አልንቀሳቀስም ሲለኝ አለቀስኩበት። መንገዱን ሙሉ እደውላለሁ፣ አይነሳም። ገና ከሩቅ ጭስ ባየሁ ቁጥር አባቴ የሞተ ይመስለኝ ነበር።

ስደርስ ወናፉ ይነፋል። ብረቱ ፍሙ መሃል ተቀምጧል። እህቴ ልጆቿን ይዛ ከአጥር ውጭ ቆማለች።

«አባዬ፣ ተው! ይፈነዳል!»

«እዚያ ላይ ሁሉን የሚጨርስ እሳት አለ ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? ያንን ያለፈ ብረት የኔን ከሰል ይፈራል እንዴ?» ወናፉን መጫኑን አልተወም።

እጁን ብይዘው አስለቀቀኝ፤ በጌታ ስም ብለው አልሰማኝም። የሰውዬው ድርቅና! በመጨረሻ ሄጄ እሳቱ አጠገብ፣ ከጎኑ፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እሺ። እንግዲህ አብረን ነን» አልኩት።

ወናፉ ቆመ። «ተነሺ» አለኝ። አልተነሳሁም።

«ተነሺ ልጄ!» ክንዴን አፈፍ አድርጎ እየጎተተ ከአጥሩ አወጣኝ።

ከሰሉ እስኪከስም ማዶ ሆነን ጠበቅን። አልፈነዳም። በማግስቱ ፖሊሶች ወሰዱት፤ ባዶ ይሁን ሙሉ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

አባቴ ፈራ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ክንዴን የያዘበት እጁ፣ መዶሻ የማይከብደው እጁ፣ ከሰሉ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀኝም።

ስለነዚያ ሳተላይቶች ዛሬም አስተምራለሁ። «ተቃጥሎ ያልቃል» የሚለው ጋ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል።