አባ የሚዘጉት ስልክ

ኬ ፔይጀን አፏን ሞልታ «እኛ ጋ ይሠራል» ማለት የምትወድ ሴት ነበረች። የሙያዋ ሰዎች ሁሉ ይህን ይላሉ፤ እሷ ግን እንደ ጸሎት ነበር የምትደግመው። ታይናን ከተማ ውስጥ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ባለ ጠባብ ቢሮ የስልክ መተግበሪያ ትጽፋለች። የምትጽፈው አንዴ ነው፣ በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ ይሄዳል። ትልቁ ኮምፒውተር እንዳያምፅ ቢሮው ውስጥ አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት አናቱ ላይ ይደረግለታል፤ ብስኩቱ ጊዜው ካለፈበት ጉድ ይፈላል ይባላል። ፔይጀን ትስቅበታለች። ቀኑን እያየች የምትቀይረው ግን እሷው ናት።

ሰፈሩ የሚያውቃት በቆሻሻ መኪናው መተግበሪያ ነው። እዚያ ቆሻሻ ደጅ ላይ ጥሎ መግባት የለም፤ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ ከረጢትህን ይዘህ ጥግህ ላይ መገኘት ነው፣ ካመለጠህ አመለጠህ። ቤተ መቅደሱ ክብረ በዓል ሲኖረው ደግሞ መንገዱ በድንኳን ይዘጋና መኪናው ሌላ ቦታ ይቆማል። ያኔ «ዛሬ ቦታው ተቀይሯል፣ ይጫኑ» የሚል ማሳወቂያ ስልክ ላይ ብቅ ይላል። ሰው የሚያየው ይህን ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ለዓይን የማይታይ መረጃ ተቋጥሮ ይሄዳል፤ የትኛው ገጽ እንደሚከፈት፣ የትኛው ጥግ እንደሚታይ የሚናገር። ሰውየው ሲጫን መተግበሪያው ቋጠሮውን ፈትቶ አዲሱን ጥግ በካርታ ያሳየዋል። ቋጠሮውን የምታስረውም የምትፈታውም ፔይጀን ናት።

አባቷ ከቤተ መቅደሱ ጎን ባለው አሮጌ ቤት ለብቻቸው ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ጣቢያ የሠሩ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ የበዓል ሰሞን ጎረቤታቸው እትዬ ዩኤ ለፔይጀን ታላቅ ወንድም ለዞንግሃን ደወሉ።

«አባትህ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ባዶ መንገድ ላይ ቆመው አገኘኋቸው እኮ! መኪናው በወዲያ በኩል ነው ብላቸው፣ ስልኬ የሚለኝ እዚህ ነው ብለው ሙጭጭ አሉ።»

በሌላም ቀን እንዲሁ ሆነ። ደግሞም ተደገመ። ዞንግሃን የሚኖረው ሌላ ከተማ፣ ካኦሹንግ ነው፤ እዚያ ቤቱ አጠገብ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ አገኘና ለእህቱ ደወለ።

«ስሚ፣ አባ ጃጅተዋል። ቅዳሜ መጥቼ የመግቢያውን ወረቀት እናስፈርማቸው።»

«ከቤታቸው ከወጡ ይሞታሉ፣ ጋሼ።»

«መንገድ ላይ ቢሞቱስ? ወይስ ያ ያንቺ ነገር ተበላሽቶ ነው?»

«ኧረ እኛ ጋ ይሠራል! በሁለቱም ስልክ ሞክሬዋለሁ።»

«እንግዲያው አባ ናቸው።»

«እንግዲያው አባ ናቸዋ» አለች ፔይጀን። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት አቤቱታ ከሌሎች ሰዎችም ደርሷት ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ አልፋዋለች። ሰው ማንበብ ሳይችል ሲቀር መተግበሪያ ይሰድባል፣ ይኸው ነው፣ ብላ።

ቅዳሜ ከወንድሟ ቀድማ ደረሰች። አባቷ የዓሣ ሾርባ ሠርተው ጠበቋት። ስለ መኖሪያው ሰምተዋል፤ አልተቆጡም፣ አልለመኑም። «እናንተ ካላችሁ» ብቻ አሉ። ፔይጀን ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

ሾርባውን ሳይጨርሱ የሁለቱም ስልክ ጮኸ። ድንኳን ተተክሏል፣ ቦታው ተቀይሯል። አባት መነጽራቸውን አድርገው ማሳወቂያውን በጥንቃቄ ተጫኑ። ፔይጀን በትከሻቸው በኩል አየች። የተከፈተው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ የሚያሳየውም የዘወትሩን ጥግ።

«ምን ነክተው ነው፣ አባ?»

«ነኪ ያልሽኝን ነዋ።»

ስልኩን ተቀበለቻቸው። ላፕቶፗን ከፍታ የሙከራ ማሳወቂያ ላከችና ራሷ ተጫነችው። አዲሱ ጥግ ወለል ብሎ ታየ። «ይኸው፣ ይሠራል!» አለች። አባቷ አንገታቸውን ደፉ። ስልኩን ወሰዱና የተከፈተውን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ እየጠረጉ ያጠፉት ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየዘጋሁ ነዋ። አንቺ ምድጃ ለኩሰሽ ትተሽ ትወጫለሽ?»

ፔይጀን ክው አለች። ሌላ ላከች። አባቷ ተጫኑ፤ የዘወትሩ ጥግ። ራሷ ከፈተችውና ሳትዘጋው ሌላ ላከች፤ አዲሱ ጥግ። ዘግታ ላከች፤ የዘወትሩ።

መተግበሪያ ጸሐፊ የራሱን መተግበሪያ መቼ ይዘጋል? ጠዋት ይከፍተዋል፣ ማታም ተከፍቶ ነው። የእትዬ ዩኤም ስልክ እንደዚያው ነው፤ ከፍተው እንጂ ዘግተው አያውቁም። የአባት ግን በነጋ በጠባ ይዘጋል። ተዘግቶ የነበረ መተግበሪያ በማሳወቂያ ሲቀሰቀስ፣ ቋጠሮው ተቀባዩ ገጽ ሳይሰናዳ ይደርሳል። ቤቱ ሳይከፈትለት ደርሶ ዕቃውን ደጅ ጥሎ እንደሚሄድ መልእክተኛ ነው። ገጹ ሲሰናዳ የሚረከበው ነገር የለም፣ ስለዚህ የለመደውን ያሳያል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

ዞንግሃን ወረቀቱን ይዞ ሲገባ እህቱ ላፕቶፑ ላይ ተደፍታለች።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ወደ ኪስህ መልሰው። የጃጀው የኔ ሥራ ነው።»

«ይሠራል አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ሳላይ ነው ያልኩት።»

«ጉድ እኮ ነው! አባታችንን በቁማቸው ልትቀብሪያቸው ነበር!»

«ነበር» አለች ፔይጀን።

ጥገናው ራሱ ቀላል ነበር፤ ገጹ እስኪሰናዳ ቋጠሮውን ይዞ ማቆየት ብቻ። ዞንግሃን ሾርባውን እያጉረመረመ ሲጠጣ አስተካክላ አባቷ ስልክ ላይ ጫነችው። ዘጉት። ላከች። ተጫኑት። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ጥግ ወለል አለ። አባት ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

አባት ተነሡ። ከረጢታቸውን አነሱ፣ ጃኬታቸውን ሊለብሱ አሉና ተዉት። ገልብጠው ዘረጉላት። «መቀስ ፈልጊ። ዓይኔ ስፌቱን አያይልኝም።»

በጃኬቱ ውስጥ፣ በደረት በኩል፣ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል። ስማቸው፣ የቤታቸው አድራሻና የፔይጀን ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ተጽፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እየጠፋሁ መስሎኝ ነበራ። ያገኘኝ ሰው ወዴት እንደሚወስደኝ ይወቅ ብዬ።»

ቁጥሩን በጣቷ ዳሰሰችው። «ለምን የኔን ቁጥር? የጋሼ አይሻልም?»

«ያንቺ ነገር ይሠራል ብለሽ የለ እንዴ፤ ቁጥርሽም ይሠራል ብዬ ነዋ» አሉ። «እኔም ጥፋቱን ከራሴ አደረግሁት።»

ፔይጀን እያለቀሰች ስፌቱን መፍታት ጀመረች። አጥብቀው ነው የሰፉት፤ መቀሱ በቀላሉ አልገባም። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የመኪናው ሙዚቃ ተሰማ።

«ቶሎ በይ፣ ልጄ» አሉ አባት። «እንዳያመልጠኝ።»