የእማማ የብረት በር

ሴንት ፖል ውስጥ እማማ እያልኩ የማስታምማቸው ፈረንጅ አሮጊት ትልቅ የብረት በር ነበራቸው፤ ሐረግና ወፍ የተሠራበት፣ አያታቸው ከእንግሊዝ አገር ከአንድ ባላባት ግቢ አስነቅለው ያመጡት። አጋዘን ጽጌረዳቸውን እንዳይበላባቸው፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «ዝጊው!» ይሉኝ ነበር።

ያረፉ ዕለት ግን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ? ከግቢው መኪና ማቆሚያ ቤት ወንበር አውጥቼ በአትክልቱ መሃል ደረደርኩ። እስኪመሽ ጠበቅኩ፤ አንድም ሰው ዝር አላለም።

በማግስቱ አንዱ ወንበር ላይ ብቻዬን ቁጭ እንዳልኩ ልጃቸው ከካሊፎርኒያ ደወለች። «በሩን ማነው የከፈተው? በካሜራ አየሁት፤ አጋዘኖቹ ጽጌረዳውን ጨረሱት እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«እነሱ እንኳን መጥተዋል» አልኳት። በሩንም ሳልዘጋ ወጣሁ።