የእንሽላሊቱ ዝማሜ

አባቴ እኔ ዘንድ የመጡት ለአንድ ክረምት ብቻ ብለው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ደልጊ ባለው ቤት ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሐኪሙ ብዙ እንዳይቆሙ ሲነግራቸው ምክንያት አገኘሁ ብዬ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አጠገብ ወደተከራየሁት ቤት አመጣኋቸው። ገና ዕቃቸው ከባጃጅ ሳይወርድ መስቀልን ውለው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። እኔ ግን አንዴ ከመጡ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም ነበር። እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ወድቀው የሚያነሳቸው ሲያጡ እየታየኝ ሥራ ላይ እንኳ እባንን ነበር።

ስለዚህ እንዲመቻቸው ያላደረግኩት የለም። ለስለስ ያለ ፍራሽ ገዛሁ። ከሥሩ ጎማ ያለው፣ የማያንሸራትት ከዘራ ገዛሁ። ዕድሜ ልካቸውን ማኅሌት የቆሙበትን መቋሚያ ደግሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደ ጌጥ ሰቀልኩትና ከእንግዲህ እረፍት ነው አልኳቸው። ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

በረንዳችን ላይ አንድ እንሽላሊት ነበር። ቀን ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ ይውላል፤ መሸት ሲልና ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ አምፖሉን ሲከበው ብቅ ይላል። አከራዬ መርዝ ነው እያለች በመጥረጊያ ታሳድደው ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። በስንደዶ ጫፍ ዝንብ እየሰካሁ ስሰጠው ከርሞ ከርሞ መሸሹን ተወ። ሰው ውሻ ወይም ድመት ያሳድጋል፤ እኔም በዚህ ዓይነት የእንሽላሊት ባለቤት ሆንኩ።

አባቴ አርባ ዓመት ያህል አቋቋም ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። የሰው ትከሻ፣ እጅና እግር ከዜማው ጋር ሲሄድና ሲስት ሲያዩ ነው የኖሩት። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንሽላሊቱን ማየት ጀመሩ፤ ሳምንት ሳይሞላም “ተማሪው” ብለው ሰየሙት። የሚያዩት ጭንቅላቱን ሳይሆን ጅራቱን ነው። ጅራቱን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ዝም ሲል “ቁም ላይ ነው” ይላሉ፤ ማኅሌቱ ገና እንቅስቃሴ ሳይኖረው በዜማ ብቻ የሚባልበትን ማለታቸው ነው። ትንኝ አይቶ የጅራቱ ጫፍ ብቻ ቶሎ ቶሎ መርገፍገፍ ሲጀምር ደግሞ ጽፋት ደረሰ ይላሉ፤ ጽፋት ጭብጨባው የሚፈጥንበት መጨረሻው ነው። ቃላቸው ሳያልቅ ትንኙ አፉ ውስጥ ነው። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም። እኔ ልቅደማቸው ብዬ አንድ ጊዜ “ጽፋት” ስል እንሽላሊቱ ዞር ብሎ ሳጥኑ ጀርባ ገባ፤ አባቴም ቀለም እንዳልገባው ተማሪ አዩኝ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ምሽት እንደልማዴ ዝንቤን ይዤ ስጠጋ አልነካም አለ። በአራት እግሩ ከፍ ብሎ ቆመ። ጅራቱን አነሳና ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ በጣም በዝግታ፣ ያወዛውዘው ጀመር። ልጅ ሆኜ ውሻ ነበረን፤ ስለ ጅራት የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። መቋሚያ ይዞ ቀስ እያሉ ወዲያ ወዲህ ማለትን ደግሞ ካህናቱ ዝማሜ ይሉታል። ሁለቱን እውቀቶቼን አጋጠምኩና ለአባቴ ደስ ብሎት እየዘመመ ነው አልኳቸው።

“ተይው ልጄ” አሉ።

አልተውኩትም። ጀርባውን ላሻሸው ጣቴን ሰደድኩ። ወዲያው ጅራቱ ወልቆ ወለሉ ላይ ወደቀና ብቻውን ይፈራገጥ ጀመር፤ እሱ የት እንደገባ አላየሁም። አፈርኩም አዘንኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ በእንሽላሊት ጅራት እንባዬ መጣ።

አባቴ አልተቆጡም። “ራቅ በይ ማለቱ ነበረ። በዝግታ ነው የነገረሽ፤ አንች ደስታ ነው አልሽ።”

ይህን ሲሉ ዓይኔ እጃቸው ላይ አረፈ። ከዘራው ወለሉ ላይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይሄዳል። ይህን ክረምቱን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ዜማ በመጣ ቁጥር ይጀምራል። ለእህቴም በስልክ አባባ ደስ ብሏቸዋል፣ ተቀምጠው ይዘምማሉ እያልኩ ስነግራት ነበር።

“አባባ፣ ከዘራውን እንዲህ የሚያወዛውዙት ደስ ብሎዎት ነው?”

ቀና ብለው አላዩኝም። “በከዘራ አይዘመምም” አሉ። ቀጥለውም፣ “እዚህ የጎደለብኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ደልጊ ስገባ ማኅሌት እቆማለሁ ብየ ነው መስቀልን የምጠብቅ።”

ሐኪሙ ብዙ አይቁሙ አለ እንጂ ማኅሌት አይሂዱ አላለም። አይሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ መቋሚያውን ከግድግዳ አወረድኩና አቧራውን ጠረግኩ። በመጪው እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን እኔ ኩርሲ ይዘን በባጃጅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ጥቂት ይቆማሉ፣ ጥቂት ይቀመጣሉ። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ በበሩ ሳያቸው መቋሚያው ከትከሻቸው ጋር አብሮ ይሄድ ነበር፤ ፊታቸውን እንደዚያ በርቶ ካየሁት ቆይቻለሁ። ሲመለሱ እንደፈራሁት ጉልበቴን አላሉም፤ ራበኝ ነው ያሉት።

በመንገድ ላይ ከመስቀል በኋላ ስለመሄዳቸው እየፈራሁ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። “ተማሪው ጅራት ሳያወጣማ ጥየው አልሄድም።”

ከዚያ በኋላ የእንሽላሊት መዳን የሚያስጨንቀው ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ቢኖር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጅራቱ ቀን በቀን አደገ፤ ከበፊቱ ወፈር፣ አጠር ያለ፣ ነጠብጣብ የሌለው። ዝንቡን ልቀንስበት ሁሉ አስቤ ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። መስቀል አለፈ። ኅዳር ሲጋመስ የሚቀረው ነገር አልነበረም። አባቴ አይተውት ይሆን እያልኩ ጥቂት ቀን ጠበቅኩና አንድ ምሽት አላስችል አለኝ።

“አባባ፣ ጅራቱ እኮ ሞላ።”

መነጽራቸውን አደረጉና ብዙ ጊዜ ወስደው አዩት። እንሽላሊቱ አዲሱን ጅራቱን አንስቶ ቀስ ብሎ ወዲያ ወዲህ አለ።

“ሞልቷል” አሉ። “ዝማሜው ግን ገና ነው። ይኸ ተማሪ ብዙ ይቀረዋል።”

መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው እንደገና ወደ አምፖሉ ቀና አሉ። እኔም ወንበሬን ከግድግዳው ራቅ፣ ከእሳቸው ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩ።